ቀስቱ ወደ ጎረቤት

በ2084 ዓ.ም. ልጅ ለመዳር ሰባት ቤት መቁጠር ቀርቷል። የሙሽራው አያት ማን ነበሩ፣ ዘሩ ከየት ይመዘዛል ብሎ የሚጨነቅ የለም። ሽማግሌ ሲመጣ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቱ ሰጪ ነው ወይስ ተቀባይ?

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጨፌ ማዞሪያ ሰፈር፣ ብሎክ ሰባት፣ ከደረጃው ሥር አንድ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰሌዳው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጉሮሮ እንኳ የለውም፤ የሠሩት ሰዎች ትሑት ያስመስለዋል ብለው ጨምረውለት ነው። ከዚያ የየቤቱን ውሎ በስም እየጠራ ይናገራል። በረንዳውና ጣሪያው ሁሉ የፀሐይ ሸራ የተወጠረበት ስለሆነ፣ ከሚፈጀው በላይ ያመረተ ቤት ትርፉን ለጎረቤት ይሰጣል፤ ያነሰው ደግሞ ከዋናው መስመር ይቀበላል። ይህን የምትመዝነው በየቤቱ የብሬከር ሳጥን ውስጥ የተቀመጠች፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ዕቃ ናት። የመዝገብ ስሟ ረጅም ነው፤ ሰው ግን እማኝ ይላታል። መለኪያውም «ኪሎዋት ሰዓት» ሲሉት አፍ ስለሚያደክም ኪሎ ሆኖ ቀርቷል፣ እንደ ሥጋ።

ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ጠዋት ደረጃ ላይ የተገናኙ ጎረቤታሞች «እንዴት አደራችሁ» ማለት ትተው «ስንት ሰጣችሁ?» ይባባላሉ። በቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ፣ ከልጆቻቸው ቁጥር ቀጥሎ የሰጡት ኪሎ ይጠቀሳል፤ ቁጥሩ ጠቀም ያለ ከሆነ ልቅሶውም በዚያው ልክ ይደምቃል። በእድር ስብሰባ ሰጪዎች ከፊት ይቀመጣሉ። የተቀባይ ቦታ በሩ ሥር ያለችው አግዳሚ ናት።

ከፊት ካሉት ወንበሮች የመጀመሪያዋ የአቶ ዘርጋው ነበረች። አቶ ዘርጋው በአንድ ትልቅ ሆቴል ዋና አስተናጋጅ ሆነው ያረጁ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ትሪ ሲያቀርቡ የሥጋውን ጎን ወደ እንግዳው አዙረው እንጂ በሌላ መንገድ አቅርበው አያውቁም። ጡረታ ወጥተው እንኳ በገዛ ቤታቸው ገበታ ላይ እጃቸው አርፎ አይቀመጥም፤ ይቆርሳሉ፣ ይገፋሉ፣ ያጎርሳሉ። እሳቸውን ያጎረሰ ሰው ግን የለም። ጉርሻ ወደ አፋቸው ሲጠጋ ወይ ጥርሳቸውን ያማቸዋል፣ ወይ ጠግበዋል፣ ወይ በሩ የተንኳኳ ይመስላቸዋል።

እማኟ የገባችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ደንቡ ባለቤቱ በገዛ እጁ ይግጠማት ስለሚል አቶ ዘርጋው ወንበር ላይ ወጥተው ሳጥኑን ከፈቱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈለቀች ወንበሩን ከታች ይዘው ቆሙ።

«ዋናውን ማጥፊያ ያውርዱ» አለች እማኟ፣ ከማር በለሰለሰ ድምፅ።

«አውርጃለሁ፣ እመቤት» አሉ አቶ ዘርጋው።

«ቀለበቱን ከፍተው ከሁሉም በሚወፍረው ገመድ ላይ ያጥልቁት።»

«ይኸው።»

«በቀለበቱ ላይ የቀስት ምልክት አለ። የቀስቱ ጫፍ ወደ ቤትዎ ይዙር።»

አቶ ዘርጋው እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ምን ሆነህ ቆምክ?» አሉ ወይዘሮ ፈለቀች።

«ቀስቱን ወደ ራስህ አዙር ትለኛለች።»

«ታዲያ አዙረዋ!»

«አንቺ! የሰፈሩን መብራት ሁሉ ወደ እኔ፣ ወደ እኔ ማለት አይሆንም? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ሳጥን ውስጥ ማን ያይሃል?»

«እግዜር ያየኛላ።»

«የቀስቱ ጫፍ ወደ ቤትዎ ይዙር» አለች እማኟ ደግማ።

«አንቺ ዕቃ ነሽ፣ አልፈርድብሽም» አሏት አቶ ዘርጋው በአዘኔታ። «ሁሉን ነገር ሲገጥሙልሽ ይሉኝታን ረስተዋታል።» ብለው ቀለበቱን ገለበጡና የቀስቱን ጫፍ ወደ በሩ፣ ወደ ደረጃው፣ ወደ ጎረቤት አዞሩት። ልክ ብልቱን ወደ እንግዳ እንደሚያዞሩት።

«ቀስቱ ተስተካክሏል?»

«በሚገባ!»

«እናመሰግናለን» አለች እማኟ፤ አመነቻቸው።

በዚያው ማታ ሰሌዳው ጉሮሮውን ጠርጎ «የአቶ ዘርጋው ቤት፤ ዘጠኝ ኪሎ ሰጠ» አለ። ወይዘሮ ፈለቀች እልል አሉ። አቶ ዘርጋው ደግሞ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዕድሜ ልካቸውን የሌላ ሰው ምግብ ለሌላ ሰው ሲያቀርቡ ኖረው፣ ዛሬ ገና ከገዛ ቤታቸው ሰጡ።

ቀስ በቀስ ግን አንድ ረቂቅ ነገር አስተዋሉ። በገና ዕለት ዘመድ አዝማድ ሰብስበው፣ ምድጃው ሁሉ ነዶ፣ የውኃ ማሞቂያው ሲፈላ ውሎ፣ ማታ ሰሌዳው ሠላሳ አንድ ኪሎ ሰጠ አላቸው። ዘመድ ጥየቃ ገጠር ሰንብተው የተመለሱ ጊዜ ደግሞ ቤቱ በየቀኑ የሰጠው ግማሽ ኪሎ ብቻ ሆኖ ቆያቸው፤ ጎረቤቶችም «ምነው፣ በምን አስቀየምናችሁ?» ብለው በር ድረስ መጡ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥር ነበር። አቶ ዘርጋው ግን ነገሩ ግልጽ ሆነላቸው።

«ላበላ ይጨመርለታል» አሉ ለባለቤታቸው። «መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። ቤት ሲጨናነቅ በረከቱ ይፈሳል።»

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ባዶ ሆኖ አያውቅም። የሚጋበዝ ሲጠፋ ዕቃውን ሁሉ አብርተው ይቀመጡ ጀመር። ሳሎኑ ውስጥ ማሞቂያውና ማራገቢያው ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲነታረኩ ይውላሉ። ካውያው ሰው ያልለበሰውን ሸሚዝ ይተኩሳል። ወይዘሮ ፈለቀች ላባቸውን እየጠረጉ «ልንቀቀል እኮ ነው» ሲሉ፣ አቶ ዘርጋው «ለጎረቤት ሲባል ትንሽ ላብ ምን አላት?» ይላሉ።

የሚገርመው ታዲያ፣ አርባ ቤት ካለው ብሎክ ሠላሳ ዘጠኙ ሰጪ ሆኖ ሳለ የብሎኩ መብራት ማታ ማታ እንደ ቀጭን ሻይ ነው። አምፖሉ መብራቱን ለማወቅ ቀና ብሎ ማየት ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ስጦታ የት ይገባል? ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ አንድ በር አዞረ።

«የወይዘሮ አስካለ ቤት» ይላል ሰሌዳው በመጨረሻ፤ «ሁለት ኪሎ ተቀበለ።»

ከዚህ በኋላ ደረጃው ላይ ራስ ይነቀነቃል። ወይዘሮ አስካለ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ባል የሞተባቸው፣ አንድ ልጅ ያላቸው። ቤታቸው ውስጥ ያለው አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መብራትና አንዲት ትንሽ ማቀዝቀዣ ነው። ሁለት ኪሎ የአርባ ቤት ብርሃን ሊውጥ ይችላል ወይ ብሎ ያሰላ አልነበረም፤ ሐሜት ሒሳብ አይወድም። በፋሲካ ዋዜማ አንዱ አሽሟጣጭ በራቸው ሥር አንድ እሽግ ሻማ ትቶላቸው ሄደ። ወይዘሮ አስካለ ሻማውን አብርተው በዓሉን አሳለፉና በእድሩ ስብሰባ፣ በሩ ሥር ካለችው አግዳሚ ተነሥተው፣ «ሻማውን የሰጠኝን ሰው እግዜር ይስጠው፤ ከመብራቱ ይሻል ነበር» ብለው ተቀመጡ።

ይህ ሁሉ አቶ ዘርጋውን አይመለከታቸውም ነበር፣ ልጃቸው ውቢት ከወይዘሮ አስካለ ልጅ ከኪሩቤል ጋር ባትዋደድ ኖሮ። ጥፋቱ የመብራቱ ነው። ሁለቱ የተዋወቁት በዚያ ድንግዝግዝ ደረጃ ላይ ተላትመው፣ የያዘችው ጎመን ተበትኖ፣ አብረው በዳበሳ ሲለቅሙ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች የአቶ ዘርጋውን በር አንኳኩ። መሪያቸው የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ልሳኑ ነበሩ፤ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው።

«ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ!» አሉ አቶ ዘርጋው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ልሳኑ፣ ከማሞቂያው ራቅ ብለው እየቆሙ። «ልጅዎን ውቢትን ለልጃችን ለኪሩቤል እንዲሰጡን ነው የመጣነው።»

አቶ ዘርጋው ልጁን ይወዱታል። ቁም ነገረኛ ነው፣ ሰው ያከብራል፣ ሲጋበዝ ይበላል። ነገር ግን በየማታው አንድ ሰዓት ላይ የሚሰማው ድምፅ ጆሯቸው ውስጥ አቃጨለ።

«ልጁ እንከን አይወጣለትም» አሉ። «እናንተም የከበራችሁ ናችሁ። ግን ከተቀባይ ቤት ልጄን ብሰጥ ሰው ምን ይለኛል? አንድ ነገር ልበላችሁ። ያ ቤት አንድ ማታ እንኳ፣ አንዲት ኪሎ ይስጥ። የዚያን ማታ ኑ፤ ያኔ እሺ ባልል እዩኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ተመለሱ። ውቢት ከጓዳ ወጣች።

«አባዬ፣ እኔ የማገባው ኪሩቤልን ነው ወይስ የብሬከር ሳጥኑን?»

«ልጄ፣ ሰው ቤቱን ይመስላል።»

«እንግዲያው ያለ አንተ ምርቃት እሄዳለሁ። ከሻማው ጋር እኖራለሁ!» አለችና ክፍሏ ገብታ ያለውን ሁሉ አጠፋችው፤ መብራቱን፣ ማሞቂያውን፣ ለበረከት ተብሎ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ ሁሉ። በዚያ ማታ የቤቱ ስጦታ በሦስት ኪሎ ቀነሰ። ጎረቤቶች ደንግጠው «ታመማችሁ?» ብለው መጡ። አቶ ዘርጋው እንግዶቹን ሸኝተው የልጃቸውን ዝግ በር ሲያዩ ሆዳቸው ባባ። አንድያ ልጃቸው ናት። ያለ ምርቃት የምትወጣ ከሆነ የፊተኛዋ ወንበር ምን ታደርግላቸዋለች?

በማግስቱ ጠዋት ጭነው የማያውቁትን የወይዘሮ አስካለን ደወል ተጫኑ። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«አቶ ዘርጋው? ምነው፣ ደኅና?»

«ደኅና ነኝ። ካላስቸገርኩ የብሬከር ሳጥንዎን ልየው ብዬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ኪሎ እንኳ አለመስጠት... አንድ የተበላሸ ነገር ቢኖር ነው።»

«የተበላሸ የለም» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ዕቃዋ እንዳለችኝ ነው የገጠምኩት። የማልሰጠውን አልሰጥም፤ የምቀበለውን እቀበላለሁ።»

ቢሆንም ወንበር አቀረቡላቸው። አቶ ዘርጋው ወጥተው ሳጥኑን ከፈቱ። የቀለበቱ ቀስት ጫፉን ወደ ቤት አዙሮ፣ ወደ ስፌት መኪናው ያያል።

«ይኸው!» አሉ በደስታ። «ይኸው እኮ ነው! ቀስቱን ወደ ራስዎ አዙረው!»

«አዙሪ ስላለችኝ ነዋ።»

«እሷማ ዕቃ ናት! ወይዘሮ አስካለ፣ ገበታ ላይ ሥጋውን ወደ ራሱ የሚያዞር ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«ብቻዬን ስበላ ወደ ማን ላዙረው?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«ለልጆቹ ሲባል ነው፤ ላዙረው?» አሉ አቶ ዘርጋው።

ወይዘሮ አስካለ ልጃቸው ጥፍሩን እየነከሰ የሚያድርባትን አልጋ አዩ። «ለኪሩቤል ብዬ ነው እንጂ ውሸት አልወድም። ይሁን።»

አቶ ዘርጋው ዋናውን ማጥፊያ አወረዱ፣ ቀለበቱን ገለበጡ፣ መልሰው አበሩ። እማኟ ላይ ያለችው ትንሽ ጽሑፍ «እየተቀበለ» ስትል የነበረችው «እየሰጠ» አለች። ወዲያው፣ በዚያችው ቅጽበት። ሸራ አልተጨመረ፣ እንግዳ አልመጣ፣ ምድጃ አልነደደ። የስፌት መኪናው እንኳ ቆሞ፣ ያቺው ትንሽ ማቀዝቀዣ እያንጎራጎረች ነው፤ ቤቱ ግን ሰጪ ሆነ።

አቶ ዘርጋው ወንበሩ ላይ እንደቆሙ የገናውን ሠላሳ አንድ ኪሎ አስታወሱ። ማሞቂያውንና ማራገቢያውን አስታወሱ። ባዶ ቤት ግማሽ ኪሎ፣ ሙሉ ቤት ሠላሳ አንድ... ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል እንዲህ ነው። «በረከት ነው» አሉ ጮክ ብለው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፤ ሳጥኑንም ቶሎ ዘጉት።

ማታ ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። ወይዘሮ አስካለና ኪሩቤልም መጡ። ውቢት አዲስ ቀሚስ ለብሳ አባቷን በጥርጣሬ ታያለች። ገበታው ቀርቦ፣ በር ተከፍቶ፣ ሁሉም ጆሮውን ወደ ደረጃው ጣለ። ሰሌዳው ጉሮሮውን ጠረገ። ሠላሳ ዘጠኙን ሰጪዎች ቆጠረ፤ የአቶ ዘርጋውን ሠላሳ አንድ ኪሎ ጨምሮ፣ ለክብሩ ሲባል ምድጃው ሁሉ ነዷልና። ከዚያም አለ፦

«የወይዘሮ አስካለ ቤት፤ ሁለት ኪሎ ሰጠ።»

ብሎኩ በእልልታ ተናጋ። ከላይ የሚኖሩት እግራቸውን ወለሉ ላይ ደበደቡ። ጋሽ ልሳኑ አለቀሱ። አርባ ቤት፣ አርባ ሰጪ! እንዲህ ያለ ብሎክ በከተማው ተሰምቶ አይታወቅም።

አቶ ዘርጋው ብድግ አሉ። «እንግዲህ እኔም ቃሌን አላጥፍም። ልጄን ውቢትን ለ...»

መብራቱ ጠፋ።

ተራ መጥፋት አልነበረም። ማሞቂያው ዝም አለ፣ ማራገቢያው እየዞረ ዞሮ ቆመ፣ ደረጃው ጠቆረ። ከጨለማው ውስጥ የሰሌዳው ድምፅ ብቻ፣ በራሱ ባትሪ፣ እንደወትሮው በትሕትና ተሰማ።

«ብሎክ ሰባት ሙሉ በሙሉ ሰጪ በመሆኑ እንኳን ደስ አላችሁ። ተቀባይ ቤት ባለመኖሩ ዋናው መስመር ለምሽቱ ተዘግቷል። እስከ ትናንት መስመሩ ክፍት የነበረው ለአንድ ተቀባይ ቤት ነበር። ተቀባይ ነኝ የሚል ቤት ካለ መስመሩ ይከፈታል።»

ሰው ሁሉ የሰማውን በልቡ ያመላልስ ነበር። አርባ ቤት በአንዲት ልብስ ሰፊ በር ሲበላ ነው የኖረው። ለእሷ ብቻ ከተከፈተው መስመር እየተሻማ፣ በዚያችው ሻይ በምትመስል ብርሃን እሷኑ እያማ።

ቀጥሎ የሆነውን በሌላ አገር ቢያወሩት የሚያምን የለም። ሰው ሁሉ የእጅ መብራቱን ይዞ ደረጃው ላይ ተሰበሰበ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንዱ ተቀባይ ነኝ ይበል። ግን ማን?

«ጋሽ ልሳኑ፣ እርስዎ ይቅደሙ፤ ታላቃችን ነዎት» አለ አንዱ።

«ኧረ በሞቴ! እኔ ሰብሳቢ ሆኜ ቀድሜ ልቀበል? እናንተ ልጆች ያላችሁ ተቀበሉ እንጂ።»

«እኛማ ጠግበናል» አለች አንዲት እናት፣ ልጆቿ በጨለማ እያለቀሱ። «የአራተኛ ፎቅ ሰዎች ቢቀበሉ አይከፋንም።»

«ምን በወጣን! አፈር ስንሆን፣ እናንተ!» አሉ ከላይ።

በዚህ ዓይነት ብሎክ ሰባት በጨለማ እርስ በርሱ ሲለማመጥ ቆየ። በር ላይ «ይግቡ፣ ይግቡ» እየተባባለ ዝናብ እንደሚመታው ሰው ነበር። በዚህ መካከል ወይዘሮ አስካለ ድምፃቸውን አሰሙ።

«አትጨነቁ» አሉ። «እኔ ልመልሰው። ለምጄዋለሁ።»

እፎይታው በደረጃው ላይ በግልጽ ተሰማ። አቶ ዘርጋው ግን በእጅ መብራት ጭላንጭል የልጃቸውን ፊት አዩት። ውቢት አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። አባቷን ብቻ ታያለች። ወይዘሮ አስካለ ከመለሱት ተቀባይ ናቸው፤ ተቀባይ ከሆኑ ደግሞ አባትየው በገዛ አፋቸው ያሉትን ብለዋል። አቶ ዘርጋው አፈሩ። በዕድሜያቸው እንዲህ አፍረው አያውቁም፤ ወጥ እንግዳ ላይ ያፈሰሱ ዕለት እንኳ።

«ቁጭ ይበሉ፣ ወይዘሮ አስካለ» አሉ። «ጎረቤቶቼ፣ ስሙኝ። የእኔ ቀስት ወደ እናንተ ነው የዞረው። ዕቃዋ ወደ ቤትህ አዙር ብላኝ ነበር፤ ነውር መሰለኝና ገለበጥኩት። ሸራዬ ለማቀዝቀዣ እንኳ አይበቃም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰጠኋችሁ ስላችሁ የኖርኩት የበላሁትን ነው።»

አቶ ዘርጋው ቤታቸው ገብተው ወንበር ላይ ወጡ። ወይዘሮ ፈለቀች ወንበሩን ያዙላቸው፤ «ያኔ ነግሬህ ነበር» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። አቶ ዘርጋው ማጥፊያውን አወረዱ። ቀለበቱን ከፍተው ገለበጡት። የቀስቱ ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ገዛ ቤታቸው ዞረ።

መብራቱ መጣ። ያ የለመዱት ሻይ አይደለም፤ ለሠላሳ አንድ ኪሎ በላተኛ የሚመጥን፣ ዓይን የሚያጥበረብር ብርሃን! የደረጃው ግድግዳ ግራጫ ሳይሆን ሐምራዊ መሆኑ ታወቀ። የጋሽ ልሳኑ ጥቁር ካፖርት አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። ውቢትና ኪሩቤል አፍጥጠው ተያዩና፣ ደግነቱ፣ ሁለቱም አልተከፉም።

ሰሌዳው ጉሮሮውን ጠረገ። «እርማት። የአቶ ዘርጋው ቤት፤ ሠላሳ አንድ ኪሎ ተቀበለ።»

አቶ ዘርጋው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳቅ ወይም ስድብ ጠበቁ። የተሰማው ግን ከላይኛው ፎቅ የብሬከር ሳጥን ሲከፈት ነው። ከዚያ ከጎኑ ሌላ፣ ከታች ደግሞ ሌላ። በየሳጥኑ ውስጥ ቀስቱ በሩን፣ ደረጃውን፣ ጎረቤትን ያያል። ማንም ለማንም ሳይነግር፣ ሠላሳ ዘጠኝ ቤት ሥጋውን ወደ እንግዳ ሲያዞር ኖሯል።

«እኔ እንኳ መጀመሪያ ልክ አድርጌው ነበር» አሉ ጋሽ ልሳኑ መሬት መሬት እያዩ። «ማታ "ተቀበለ" ብሎ ስሜን ሊጠራ ነው ብዬ ሳስብ ጊዜ... ከራት በፊት ገለበጥኩት።»

ግርግሩ ሲበርድ አቶ ዘርጋው ሽማግሌዎቹን መልሰው አስገቡና ቃላቸውን ሊፈጽሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጄን...»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። ፊታቸው ላይ ለሁለት ዓመት ያልታየ ነገር ነበር፤ ክፋት የሌለበት ተንኮል። «በአሁኑ ሰዓት የሰጪ ቤት እመቤት እኔ ነኝ። የእኔ ቀስት ገና አልተመለሰም። ከተቀባይ ቤት ልጅ ሳመጣ ሰው ምን ይለኛል? አጣርቼ እመልሳለሁ።» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ልጃቸውን አስከትለው ወጡ። ውቢት በሳቅ ሶፋው ላይ ወደቀች።

በሚቀጥለው እሑድ የእድሩ ስብሰባና ምሳ ነበር። አቶ ዘርጋው ወደ ፊተኛዋ ወንበር አልሄዱም። በሩ ሥር ወዳለችው አግዳሚ ሄዱ፤ ግን መቀመጫ አልነበረም። ጋሽ ልሳኑና ግማሹ ብሎክ ቀድመው ተጨናንቀውባታል፤ የፊት ወንበሮች ባዷቸውን ናቸው። ወይዘሮ አስካለ ጠጋ ብለው እንደምንም ቦታ ሰጧቸው።

«አጣሩ?» አሉ አቶ ዘርጋው ቀስ ብለው። ሳምንቱን እንቅልፍ አልተኙም።

«አጣራሁ።»

«ታዲያ?»

ምሳው ቀረበ። አቶ ዘርጋው እንደ ልማዳቸው ብልቱን ወደ ወይዘሮ አስካለ ገፉት። ወይዘሮ አስካለ አልበሉትም። ጠቀለሉት፤ በጣቶቻቸው አድበልብለው፣ ወጡን አጥቅሰው፣ ወደ አቶ ዘርጋው አፍ አነሡት። «መልሴ ይኸውና» አሉ።

«ኧረ እኔ፣ ጥርሴን...» አሉ አቶ ዘርጋው። በሩን አዩ፤ ማንም አላንኳኳም። ከማዶ ውቢት እጆቿን አጣምራ ታያቸዋለች።

ጎረሱ። ትልቅ ጉርሻ ነበር፤ ጉንጫቸው ተወጠረ፣ ዓይናቸው እንባ አዘለ። እያኘኩ ሳለ ወይዘሮ አስካለ ሌላ መጠቅለል ጀመሩ።

«አንድ ያጣላል» አሉ።

አቶ ዘርጋው የፊተኛውን ዋጡና፣ ማንም ሳያዛቸው፣ አፋቸውን ከፈቱ።